የሥርዓቶች አመጣጥ በሁለት እስር ቤት

ቀጠሮዬ ጠዋት ነበር። የአክስቴ ልጅ ከሌክ ሃይላንድስ ይዛኝ መጥታ ዳላስ ከኢሚግሬሽኑ ሕንፃ ማዶ ፓርክ አደረገች። «ሶ፣ አትጨነቂ፤ ፈርመሽ ትወጫለሽ። እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። የጥገኝነት ጥያቄዬ እስኪታይ ድረስ በየጊዜው እየሄድኩ እፈርም ስለነበር እኔም አልተጨነቅኩም። ጃኬቴን እንኳ መኪናው ውስጥ ትቼ ወረድኩ።

ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ገባሁ። አንድ ሰው በትሕትና ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞር ነገረኝ። የጫማዬን ክር፣ የፀጉሬን ማስያዣና የጆሮ ጌጤን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተ። የአክስቴ ልጅ እስኪመሽ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ እንደጠበቀችኝ የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው ነጭ ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ የብረት አግዳሚ ተተክሏል፤ ከአጭር ከለላ ጀርባ መጸዳጃ አለ። አገር ቤት የታሰርኩበት ክፍል እርጥብ ነበር፤ ሰው ሰው ይሸታል፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ያሞቃል። ይኼኛው ምንም አይሸትም። ብርዱ ከጣሪያው ቀዳዳ ቁልቁል ይወርዳል። የሰጡኝ ብርድ ልብስ እንደ አሉሚኒየም ወረቀት የሚያብለጨልጭ ነገር ሆኖ በተነቃነቅኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ላለመነቃነቅ ሞከርኩ።

በማግስቱ ከሌሎች ታሳሪዎች ጋር እጃችንን ከወገባችን ጋር አስረው በቫን ከከተማ አወጡን። ሜዳ ላይ የተሠራ ረጅም ሕንፃ ጋ ወሰዱን። ውስጡ ተደራራቢ አልጋና ወለሉ ላይ የተበየደ የብረት ጠረጴዛ አለ። አልጋ ሲያሳዩኝ ከታችኛው አልጋ ላይ በፎጣ የተከናነቡ አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ።

«ያበሻ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ውይ» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ይሁን አዝነው አልገባኝም። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ቁጭ በይ። አብሽሪ።»

የወሎ ሰው ናቸው። ዳላስ አጠገብ ሮውሌት ከተማ ልጃቸው ጋ ይኖሩ ነበር። ሻሻቸውን መግቢያው ላይ ወስደውባቸው ፎጣ ነው የሚከናነቡት። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒቱ የሚመጣው አንዳንድ ቀን ነው፤ እግራቸው አብጧል። በጣቶቻቸው ዚክር ያደርጋሉ። ከእኛ ትይዩ ከሆንዱራስ የመጣች ሴት ነበረች፤ የእማማን እግር አልጋ ላይ እያነሳች የምታሳርፈው እሷ ነበረች። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ጠይቄ አላውቅም።

እማማ አገር ቤት በምን እንደታሰርኩ ጠየቁኝ። በማስተማር አልኳቸው። ሌላ መልስ የጠበቁ ይመስላሉ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር የማስተምረው፤ ኮምፒውተር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ተማሪው ሲሰለች ወደ አማርኛ እመለሳለሁ። ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም «ሥርዓተ ክወና» እንለዋለን፤ ሲያጥር ሥርዓት። አንድ ቀን ስለ አመጣጡ ሳስተምር፣ ዛሬ የምንገለገልባቸው ሥርዓቶች አብዛኞቹ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ መነሻቸውን ያወቀ ድክመታቸውንም ያውቃል አልኩ። ከተማው የተጨነቀበት ሰሞን ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ያልኩትን ጽፎ ለፖሊስ ወስዷል፤ ተያዝኩ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። ያቺ ዐረፍተ ነገር ፊቱ ካለው ወረቀት ላይ ተሰምሮባታል።

«የትኛው ሥርዓት ነው ደካማው?» አለኝ።

«የኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተር ሥርዓት አለው?»

አስረዳሁት። አሠራሩን ጠየቀ፤ ነገርኩት። ማን ጀመረው አለ፤ ሁለት ሰዎች አልኩ። ስማቸውን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የት ናቸው ሲለኝ አሜሪካ አልኩት። ኋላ ክሱ ሲነበብ «በውጭ አገር ከሚገኙ ሁለት ግብረ አበሮቿ ጋር በመሆን» የሚል ሰማሁ። ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ የኮምፒውተር መሆኑ ገብቷቸዋል። ግን አንዴ ከያዙኝ በኋላ ሌላ ነገር ፈለጉ፤ ከተማሪዎቼ ማን ስለ መንግሥት ምን እንደሚያወራ እንድነግራቸው። አልነገርኳቸውም። ስለዚህ አቆዩኝ። እንዴት እንዳቆዩኝ እዚህ አልጽፍም። ስወጣ ከአገር ወጣሁ።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ዳኛው ፊት የቀረብኩበትን ቀን ነው። ጠበቃ አልነበረኝም። ጠዋት እማማ ፀጉሬን ጎንጉነውልኝ፣ ማስያዣ ስለሌለ ከፎጣቸው ጠርዝ ክር መዘው አሰሩልኝ። ሲጨርሱ «የሚያወጣሽን ተናገሪ፣ ልጄ። ልብሽን አላህ ያውቀዋል» አሉኝ።

ችሎቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ዳኛው በስክሪን ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት ጠበቃ ትከሻው ብቻ ይታያል። አስተርጓሚው በስልክ የሚሰማ የወንድ ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ ግን የነፍስ ጉዳይ በሰው ቋንቋ ሲናገሩት አንዲት ቃል ታዳልጣለች ብዬ አስተርጓሚ የጠየቅኩት እኔው ነኝ።

ዳኛው የተከሰስኩበት ዕለት ምን እያስተማርኩ እንደነበር ጠየቁኝ። «ስለ ሥርዓተ ክወናዎች አመጣጥ» አልኩ፤ «አብዛኞቹ ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸውን፣ ድክመታቸውንም።»

አስተርጓሚው ቃሉን ሰምቶት አያውቅም መሰለኝ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ ተረጎመው፦ መንግሥታት እንዴት እንደመጡ፣ ሁሉም ከአንድ ሥር እንደወጡና ደካሞች እንደሆኑ አስተምር ነበር።

ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አልጻፉም ነበር። ይህን በክፍል ውስጥ፣ በተማሪዎች ፊት ነው የተናገርሽው? ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ለስለስ ብሎ ነበር። የመንግሥቱ ጠበቃ ትከሻ ተነቃነቀ።

ምን እንደተሰጠኝ ገብቶኛል፤ በፖለቲካ አመለካከቱ የታሰረ ሰው ጥገኝነት ያገኛል። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስህተቱ የእኔ አይደለም፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም። የእማማን ምክር አሰብኩ። የአክስቴን ልጅ፣ መኪናዋ ውስጥ የቀረውን ጃኬቴንም አሰብኩ።

ከዚያ መርማሪው ትዝ አለኝ። መንግሥት ደካማ ነው ብላለች ብሎ ጽፎ የፈረመው እሱ ነው። እኔ ያን ሁሉ ስቆይም አልፈረምኩበትም። አሁን እዚህ አዎ ካልኩ፣ ያ ሰው ከመጀመሪያውም ልክ ነበር ማለት ነው።

«ይቅርታ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ትርጉሙ ልክ አይደለም። ስለ መንግሥት አይደለም የተናገርኩት። ስለ ኮምፒውተር ነው።»

ዳኛው በአስተርጓሚው በኩል እንድናገር አሳሰቡኝ። በአማርኛ ደገምኩት። አስተርጓሚው ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። ዳኛው የጻፉትን በመስመር ሲሰርዙት አየሁ።

የመንግሥቱ ጠበቃ ጊዜ አላጠፋም። ታዲያ የታሰርሽው በቃል አለመግባባት ነው፤ በስህተት ነው ማለት ነው፣ አለኝ።

«የያዙኝ በስህተት ነው» አልኩ። «ያቆዩኝ ግን በስህተት አይደለም።»

የተማሪዎቼን ነገር ተናገርኩ። ጠበቃው ለመሰለል እምቢ ማለት የፖለቲካ አመለካከት ይባላል ወይ ብሎ ዳኛውን ጠየቀ እንጂ እኔን አልጠየቀም። ውሳኔው በጽሑፍ ይደርስሻል ተብዬ ወጣሁ።

እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያበጠ ጉልበታቸውን አሹ።

«የሚያወጣሽ መጥቶልሽ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «በይ እንግዲያ» አሉኝ፤ «ሁለት አገር ያሳሰረሽን ነገር ለእኔም ንገሪኝ።»

መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ነገሩ አላስኬድ ሲለኝ ተነሳሁ፤ ቆሜ ነው ማስተማር የለመድኩት። መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተር አንድ ወፍጮ ነበር ይበሉት፤ ትልቅ፣ አንድ ቤት የሚሞላ፣ አልኩ። ሰው እህሉን ይዞ ይሰለፋል፤ የአንዱ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ሌላው ቆሞ ይውላል። ኋላ አንድ ብልሃት መጣ፤ ወፍጮው ከያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እፍኝ እየወሰደ ይፈጫል፤ ከመፍጠኑ የተነሳ ሁሉም ወፍጮው የእኔ ብቻ ነው ብሎ ያስባል። የሆንዱራሷ ሴት መጥታ አጠገባችን ቆመች። በእንግሊዝኛ ደገምኩላት፤ እሷ ደግሞ ዞራ ለሌሎቹ በስፓኒሽ ነገረቻቸው።

«ዱቄቱ አይቀላቀልም?» አሉ እማማ።

አስተማሪ ሆኜ የተጠየቅኩት ምርጥ ጥያቄ ነው። «ዋናው ሥራ እሱ ነው፣ እማማ። የሰው የሰው እንዳይቀላቀል የሚጠብቀው ነው ሥርዓት የሚባለው።»

ቀጠልኩ። አንድ ዩኒቨርሲቲና ሁለት ኩባንያዎች ተባብረው እጅግ ትልቅ ሥርዓት ሊሠሩ እንደተነሱ፤ ነገሩ ሲረዝም አንደኛው፣ የስልክ ኩባንያው፣ ጥሎ እንደወጣ፤ የእሱ ሁለት ሠራተኞች ግን ልምዱ አላስቀምጥ ብሏቸው፣ ማንም የማይፈልጋት አሮጌ ማሽን ላይ ትንሽ ሥርዓት ጽፈው ስሟን በትልቁ ላይ እየቀለዱ ዩኒክስ እንዳሏት። ኩባንያው ኮምፒውተር እንዳይነግድ ሕግ ስለከለከለው ሥርዓቷን ከነአጻጻፏ ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ነገር ሰጣቸው፤ ተማሪዎች ፈታተው ተማሩባት፣ አሻሻሏት። ቆይቶ ኩባንያው አሳቡን ለወጠና ውስጧን ክፍል ውስጥ ማስተማር ከለከለ።

«ማስተማር ከለከለ?» አሉ እማማ።

«ከለከለ። ተማሪዎቹ ግን ማብራሪያውን ፎቶ ኮፒ እያነሱ በእጅ ተቀባበሉት። ኋላም ሌላ አገር ያለ ተማሪ በራሱ እጅ አምሳያዋን ከዜሮ ጻፈ። ዛሬ የልጅዎ ስልክ ውስጥ ያለው በደም ባይሆን በመልክ የእሷ ዘር ነው።»

ጠባቂዋ ለቆጠራ ወደ አልጋችሁ ብላ ተጣራች። ሌሎቹ ተበተኑ። እኔ ዐረፍተ ነገሬን ጨርሼ፣ ጥያቄ ካለ ብዬ ጠይቄ፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። ጠባቂዋ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እማማን ከጥቂት ቀን በኋላ ወሰዷቸው። ጠዋት ነበር፤ ጫማቸውን ሲያመጡላቸው እግራቸው አልገባ ብሎ በነጠላ ጫማ ወጡ። ፎጣውን አስቀሩባቸው። ልጃቸው አሁን ከሮውሌት አልፎ አልፎ ኮል ታደርግልኛለች፤ ደሴ ወንድማቸው ጋ ናቸው፣ ብዙም አይናገሩም ትለኛለች።

ይግባኜ እስኪታይ ተለቅቄ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። የዳኛው ውሳኔ በእጄ ነው። ጥያቄዬ ውድቅ ሆኗል፤ ያሰሩኝ ለመሰለል እምቢ በማለቴ እንጂ በፖለቲካ አመለካከቴ አይደለም ይላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ መስመር አለ፤ ቃሏን እውነት ነው ብዬ ተቀብያለሁ ይላል። ይግባኙን የያዘችልኝ ጠበቃ ያቺ መስመር ብዙም ዋጋ የላትም፣ ሁሉም ውሳኔ ላይ የምትገባ ናት ትላለች። ልክ ትሆናለች። በሁለት አገር መንግሥት ስለ እኔ ብዙ ጽፏል፤ የማልክደው ግን ያቺን መስመር ብቻ ነው።