ሠላሳ አንድ ቀይ ቅጠል

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2014 ወይዘሮ ኪኑ ታካባታ ሞሚጂ ከሚባለው ዛፍ ሃምሳ ቀይ ቅጠል ሊያስረክቡ ቃል ገብተው፣ ሠላሳ አንዱን ብቻ ሣጥን ውስጥ ደርድረው ቀሩ። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ።

በጃፓን ተራሮች መካከል ያለው የመንደራቸው አሮጊቶች ቅጠል እየለቀሙ ይሸጣሉ፤ የከተማ ምግብ ቤቶች ሳህን ላይ ከጥሬው ዓሣ ጎን ለጌጥ ያኖሩታል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ማኅበራቸው ለየቤቱ ታብሌት አደለ። ከዚያ ወዲህ ትዕዛዝ በስልክ መምጣቱ ቀረ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መስታወቱ ላይ ብቅ ይላል፣ ቀድሞ የነካው ይወስደዋል።

የማኅበሩ ሠራተኛ ኦኩሞቶ አዳራሽ ሰብስቦ አስተማራቸው። የኪኑ ጣት ስድሳ ዓመት አፈር ያደረቀው ነውና መስታወቱ አልሰማ አላቸው። አጥብቀው ተጫኑት።

«እማማ፣ አይጫኑት! የሕፃን ግንባር አተኩሶት እንደሆነ እንደሚዳስሱ፣ እንዲያ ነካ ያድርጉት። ጣትዎን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ቢሳሳቱም አይደንግጡ፤ ይቺ ትሰርዘዋለች።»

«ሊጥ የምታቦካ መስሏት እኮ ነው!» አሉ ጎረቤታቸው ማሱኖ። በአራት ዓመት ይበልጧቸዋል።

«እትዬ፣ የእርስዎ ደግሞ ገና አልበራም» አሉ ኪኑ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ኪኑ ግን የመጡት ለሳቅ አልነበረም። ኮቤ የምትኖረው ልጃቸው ሚሳዮ ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ «እማዬ፣ ሥራ ካለሽ ዝም እላለሁ። እስከ አዲስ ዓመት አንድ ትዕዛዝ እንኳ ካልያዝሽ ግን ቤቱን ዘግተን የአረጋውያን መኖሪያ ትገቢያለሽ።»

በዚያ መንደር ደግሞ ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ እጁን አይዘረጋም። ትዕዛዝ ብቅ ባለ ቁጥር ኪኑ ያረጠቡትን ጣት አንሥተው ማሱኖ እስኪወስዱ ይጠብቃሉ። አሥር ሳይቆጥሩ ከወንዙ ማዶ ያሉት የሌላ መንደር አባላት ይወስዱታል። አራት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ጨነቃቸውና ጠየቁ።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው የማይወስዱት?»

«አንቺ እንድትወስጂው ነዋ! ልጅሽ ያለችውን ሰምቼ የለ?»

«እኔ ደግሞ እርስዎን ስጠብቅ...»

«ወይ ጅልነት! ለሁለት!» አሉ ማሱኖ። ሳቁ፤ ሳቁም ወዲያው ደረቀ። የቅጠሉ ወቅት እያለቀ ነበር። «ነገ ንኪው። አልቀየምሽም።»

በማግስቱ ነኩት፤ መስታወቱም ሰማቸው። ሃምሳ ቅጠል፣ ለከሰዓቱ የማኅበሩ መኪና። የደጃፋቸውን ዛፍ ግን ውርጭ መትቶታል፤ ሳይጠቁር የተገኘው ሠላሳ አንድ ነው። ደህና ዛፍ የቀረው ዳገቱ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ነበር። ወደዚያ ሲወጡ በማሱኖ ደጅ አለፉ፤ የጎደላቸውንም ነገሯቸው።

«ሰርዢው እንጂ! መሰረዣ አለው አላለንም?»

«የመጀመሪያዬን ሰርዤ ሚሳዮን ምን ልበላት?»

ገደሉ ሥር ሞተው የተገኙት በማግስቱ ነው። ቅርጫታቸው ውስጥ አሥራ ሁለት ቅጠል ነበር።

ያን ቀን ከማሱኖ ደጅ ሲለዩ፣ ኪኑ ከቤት ቤት የሚዞረውን የሰፈሩን ማስታወቂያ ማኅደር ለማሱኖ ሰጥተዋቸው ነበር። እሑድ የመንገድ ጽዳት አለ ይላል። ኪኑ ማየታቸውን የሚገልጽ ማኅተማቸውን በስማቸው አንጻር አሳርፈው፣ በሁለት እጃቸው አስረክበው ወደ ዳገቱ ዞሩ።