የመጨረሻው ባሮን ሴት ልጆች

አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ ብርዱ በገባ ቁጥር ንፋስ ዛፍ እየጣለ መብራት ይጠፋ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲጠፋ እጸልይ ነበር። መብራት ከጠፋ ቴሌቪዥን የለም፤ ያኔ የእናቴ አባት፣ አባባ ተካ፣ ምድጃው ውስጥ እርጥብ እንጨት አጭሰው፣ ፋኖሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ያወጉኛል። እናቴ ኤርፖርት የማታ ሺፍት ስለምትሠራ ቤቱ የሁለታችን ነበር።

የአባባ ተረት የጅብና የቀበሮ አልነበረም። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩና፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ከገዙት ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ የእንግሊዝ መኳንንትን ይተርኩልኝ ነበር። በተለይ አንዱን የባሮን ቤት ይወዱታል። የመጀመሪያው በባሕር ጦርነት ንጉሡን አድኖ ማዕረጉን አገኘ፤ ልጁ ቁማርተኛ ወጣ፤ የልጅ ልጁ ከሰው ይልቅ ውሻ የሚወድ ነበር። ይህን ሁሉ ጠባይ ከየት እንደሚያመጡት እንጃ። እሳቱ ፍም ሲሆን አምስተኛው ባሮን ላይ እንደርሳለን። «ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ነበሩት። ማዕረጉ የሚወርደው ለወንድ ልጅ ነውና ጠፋ» ብለው መጽሐፉን ይዘጋሉ። ከዚያ እንደ አገሩ ልማድ ሰባት አባቶቻቸውን ያስቆጥሩኛል።

አንድ ምሽት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ይመስለኛል፣ ቆጠራውን መሀል ላይ አቆምኩ።

«ሶ አባባ፣ እርስዎም ያለችዎ ማሚ ብቻ ናት። እኔም ሴት ነኝ። እንደ ባሮኑ ይጠፋሉ ማለት ነው?»

ልጅ ክፉ ነው። አባባ ፍሙን ቆሰቆሱና የዘጉትን መጽሐፍ መልሰው ገለጡት።

«የሴት ልጆቹን ስም እኮ መጽሐፉ አልጻፈውም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ የስልክ ካርድ እየፋቁ አገር ቤት ሲደውሉ ትዝ ይለኛል። የአንዲት ሴት እናት ማን ትባል እንደነበር እየጮሁ ይጠይቃሉ፤ የሚያውቅ ሲጠፋ ሌላ ዘመድ ጋ ይደውላሉ። ያኔ እኔን የሚያናድደኝ ድምፃቸው ካርቱኔን መዋጡ ብቻ ነበር።

አባባ ከሞቱ በኋላ መጽሐፉ ለእኔ ደረሰኝ። የከፈትኩት ግን ልጄን እርጉዝ ሳለሁ ነው። ከመጨረሻው ባሮን ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በዚያ የአስተማሪ እጅ ጽሕፈታቸው በእርሳስ ተጽፏል፦ «ሰላም። እናቷ ማርታ። እናቷ ጥሩነሽ። እናቷ ዘነበች። እናቷ»

ሰላም እኔ ነኝ። ማርታ እናቴ፣ ጥሩነሽ ቀድማቸው የሞተችው ሚስታቸው ናት። ዘነበች የሚለውን ስም በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በታች ወረቀቱ ተጽፎ ተፍቆ፣ ተጽፎ ተፍቆ ሳስቷል።

እንደዚያን ቀን ናፍቀውኝ አያውቁም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ያን ስልክ አብሬያቸው በያዝኩ አልኩ።

አሁን መብራት ሲጠፋ ልጄን አስቆጥራታለሁ። ከራሷ ጀምራ ዘነበች ላይ ስትደርስ «ከዚያስ?» ትለኛለች። አባባም ያን ሳምንት ሙሉ ስልኩ ላይ የጠየቁት ይህንኑ ነበር።