ቦዩ ላይ የተጋደመው ጣውላ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ጉዳት አልደረሰብኝም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ጣውላ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ።

ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ልጄ መስሚያ ገዝታልኛለች። እኔ ግን የማደርገው ሰው ሳነጋግር ብቻ ነበር። ነጠላ ስከናነብ ያፏጭብኛል፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ለመንገድ ምን ይሠራልኛል እል ነበር።

በዚያው ሰሞን መታጠቢያ ቤት ወድቄ፣ ልጄ «እማዬ፣ ሁለተኛ ከወደቅሽ ብቻሽን መውጣት ቀረ» ብላኝ ነበር። ካለች ታደርገዋለች።

ከመካኒሳ አቦ አስቀድሼ ስመለስ መንገዱ ለፍሳሽ ቦይ እንደተቆፈረ ነው። ማለፊያው አንድ ጣውላ ብቻ። ስሄድ ሰው ደግፎ አሻግሮኛል። አሁን በአቅራቢያዬ ማንም አልታየኝም። ነጠላዬን አጥብቄ ወጣሁበት።

መሃል ስደርስ ጣውላው ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ለካ ከኋላዬ የጭነት መኪና አልፏል፤ አልሰማሁትም። ዞር ልል ስል ምድሩ አጋደለብኝ። ከታች ድንጋይና የብረት ጫፍ ይታየኛል። አንድ እግሬን ባነሳ እንደምወድቅ ገባኝ። ደርቄ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ከጎኔ አንዲት ወጣት ሴት ብቅ አለች። ቦዩ ውስጥ ገብታ ቆማለች፤ ጣውላው ወገቧ ድረስ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው ግን አይሰማኝም። እጄን ይዛ ትከሻዋ ላይ አኖረችው። እሷ በጭቃው፣ እኔ በጣውላው፣ ቀስ እያልን ተሻገርን።

ማዶ ስንደርስ መስሚያዬን አደረግሁ።

«እማማ፣ ከኋላ ስጠራዎት ነበር እኮ!»

«አውልቄው ነው። ጸሎት ላይ ስለሚያፏጭብኝ።»

ሳቀች። «እግዜርስ ያለ መሣሪያም ይሰማል። የማይሰሙት እርስዎ ነዎት!»

እሷም ወደ አምልኮ እየሄደች ነበር። መጽሐፍ ቅዱሷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ነው የገባችው። ነጭ ጫማዋ ጭቃ ሆኗል። «ቤቴ ቅርብ ነው፣ ላጥብልሽ» ብላት እምቢ ብላ እንዲያው ሄደች። ስሟን አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

ለልጄ ነገርኳት። ተቆጣች፤ ቀጥላም ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ፣ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑና በእግሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዙሪያው ያለው ድምፅም እንደሚያግዘው አስረዳኝ።

አሁንም ብቻዬን እወጣለሁ። መስሚያውን ከጫማዬ አስቀድሜ አደርጋለሁ፤ ነጠላዬንም ላላ አድርጌ እከናነባለሁ። ቤት ውስጥም አላወልቀውም፣ መስሚያውን። ልጄ አንዳንዴ፣ «ቤት ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ ደግሞ ማንን ልትሰሚ ነው?» ትለኛለች።

«ወለሉን» እላታለሁ።