የጸሐይወርቅ የፊት ፍሬን

በ1974 ዓ.ም. መካኒሳ አቦ እየኖረ ነፋስ ስልክ ለሚሠራ ሰው ማለዳ ማለት ፈተና ነበር። አውቶቡሱ ከመጣም ሞልቶ ይመጣል፤ ከቀረ ደግሞ የፋብሪካው ጡሩንባ ማንንም አይጠብቅም። ጸሐይወርቅ ወጋየሁ ግን አውቶቡስ ጠብቃ አታውቅም። በቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጠልቅና፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ብስክሌቷ ላይ ጉብ ትላለች። በጆንያ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ቁመቷ አጭር፣ መልሷ ግን ለማንም የማያጥር።

ብስክሌቱ እንደ ሌላው ብስክሌት አልነበረም። አባቷ ዘበኛ ሆነው ያገለገሉት አንድ ጣሊያን፣ ጋራዡ ሲወረስበት አገር ለቅቆ የሄደ ጊዜ የተወላቸው ነው፤ ያውም በሲሚንቶ ሜዳ ዙሪያ ለመሽቀዳደም የተሠራ። ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አንድ ላይ የታሰረ ስለሆነ፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል፤ ቁልቁለት ነው ብሎ ማረፍ የለም። ለማቆም ፔዳሉን በጉልበት መታገል ነው። ፍሬን የሚባል ነገር ሲፈጠርም አልነበረውም። የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ አቅፎ የሚወርደው ሹካ እንኳ የፍሬን ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። አባቷ ሲሞቱ ብስክሌቱ ለእሷ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በእግሯ ብርታት ስታቆመው ኖረች።

በየካቲት አንድ ማለዳ፣ ከአቦ በታች ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከበበው ከአንድ ቅያስ ብቅ አለ። ጸሐይወርቅ ፔዳሉን ታግላ ታግላ፣ ጎማው የሱሪውን ጠርዝ ልሶ ቆመ።

«አንቺ! ልትገድይኝ ነው?»

«ብፈልግ ኖሮ መች እታገል ነበር!» አለች እያለከለከች።

ከበበው ልብሱን አራገፈ። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው፤ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ግን ድምፁ ወፍሯል። «ፍሬን የሌለው ብስክሌት የሰፊው ሕዝብ ጠላት ነው፤» አለ። «እስከ ቅዳሜ ካላስገጠምሽ ይወረስና ለቀበሌው መልእክተኛ ይሰጣል።»

«መልእክተኛውስ ሰፊውን ሕዝብ አይገጭም?»

«ለእሱ እኛ ፍሬን እናስገጥምለታለን።»

«ለእናንተ የሚገጠም ፍሬን ለእኔ ምን ብሎ እምቢ ይላል?» ብላ ሄደች።

ከበበው ዓይኑን ብስክሌቱ ላይ ከጣለ መቆየቱን ታውቃለች፤ ፍሬኑ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ለጥቂት ነው የሳተችው። ሰበብ ቢሆንም ፍሬን ያስፈልጋት ነበር። እንግዲህ ቆረጠች፦ ፍሬኑን ታስገጥማለች፣ ብስክሌቱን አትሰጥም።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ነፋስ ስልክ ባሕር ዛፍ ሥር ብስክሌት ወደሚጠግኑት ወደ ጋሽ ጉርሜሳ ሄደች። በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር የነበረውን ልማድ የማያውቅ ካለ ልንገረው። አዲስ ብስክሌት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የፊት ፍሬኑን ማስወለቅ ነበር። «የፊት ፍሬን ያገለብጣል፣ ጥርስ ያስለቅማል» ይባላል፤ ማን እንደተገለበጠ ግን የሚያውቅ የለም። ጋሽ ጉርሜሳም ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያወልቁ ኖረው፣ ያወለቁት ሁሉ በአንድ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከምሯል።

«ጋሽ ጉርሜሳ፣ የፊት ፍሬን ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አገር ሁሉ ሊያስወልቅ ይመጣል፣ አንቺ ልታስገጥሚ! ምነው ልጄ፣ ጥርስሽን ጠላሽው?»

«የኋላውን እግሬ ይይዘዋል። የጎደለኝ የፊቱ ነው።»

«ያገለብጥሻል ብዬሻለሁ!»

«ብገለበጥ እነሳለሁ። ከበበው የወሰደውን ግን ማን ያስመልስልኛል?»

ጋሽ ጉርሜሳ መፍቻቸውን ፈለጉ። ቀጥለው ሹካውን ፈትተው ብረት በሚጨብጠው ሞርሳ ላይ አሰሩና መብሻ ትራፓኗቸውን አነሱ። «በይ እንግዲያው አናቱን ልብሳልሽ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

ጸሐይወርቅ እጇን አናቱ ላይ ጣለች። «አይበሳም! ይህ ለፍሬን የተሠራ ብረት አይደለም፤ ስስ ነው። ፍሬኑ በያዘ ቁጥር ቀዳዳው እየተጎተተ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ያኔ ጥርሴም አይተርፍም።»

«ቅዳሜ ደረሰ እኮ!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሽ ጉርሜሳ።»

አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ትራፓኖውን አስቀመጡ። ከዕቃቸው መካከል ቀዳዳ ያለው የቻይና ብስክሌት ሹካ አወጡና ሞከሩት። በብስክሌቱ አንገት ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ረጅም ነው፤ እሱስ ይቆረጣል። ቱቦውን ከላይ የሚያጠብቀው የብስክሌቷ ዳዶ ግን ሁለት ዙር ሄዶ ነከሰ፤ ጥርሱ ሌላ ነው። እግሮቹም ለትልቅ ጎማ የተሠሩ ስለሆኑ ፍሬኑ ቸርኬውን፣ የጎማውን ብረት ቀለበት፣ ሳይነካ አየር ላይ ይቀራል።

«ይመሳሰላል እኮ!» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ።

«ማሽን ላይ የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም፤» አለች ጸሐይወርቅ። ፋብሪካው ያስተማራት ይህንን ነው። ከኪሷ የጆንያ ክር አወጣችና በራሷ ሹካ ቱቦ ርዝመት ልክ አንድ ቋጠሮ ቋጠረች። ሁለተኛውን ቋጠሮ የፍሬን ቡሎን ቢኖር ከሚገባበት ቦታ እስከ ቸርኬው ድረስ ባለው ልክ ቋጠረች፤ አምስት ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ቆርቆሮውን መሬት ላይ ገለበጠችው። የሃያ ዓመት ፍሬን ተዘረገፈ። አንዱን ታነሳለች፣ በክሩ ትለካለች፣ ትጥላለች። የብዙዎቹ ክንድ ሰባትና ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቸርኬውን አልፎ ራጂውን፣ የጎማውን ቀጫጭን ሽቦ፣ የሚነክስ። ከሥር አንድ ክንደ አጭር የጣሊያን ፍሬን ተገኘ። ላስቲኩ ልክ ቋጠሮው ላይ አረፈ።

«ፍሬኑ ይኸው። ሹካውስ?»

ጋሽ ጉርሜሳ አገጫቸውን አከኩ። «የጣሊያን ሹካ አንድ አውቃለሁ። ብስክሌት ላይ ግን አይደለም። ፉሪ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት የውኃ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሏል።»

ሐሙስ ከሰዓት የቻይናውን ሹካ ከነቸርኬው በጀርባዋ አዝላ ፉሪ ደረሰች። እውነትም ከውኃው ጉድጓድ በላይ፣ ከተጋደመ ግንድ ላይ የተዘቀዘቀ ሹካ ታስሯል፤ በመሐሉ ጎማ የሌለው ቸርኬ ይዞራል፣ በቸርኬው ላይ የባልዲው ገመድ ይሮጣል። አዴ ጫልቱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ቀጠን ያሉ ሴት፣ ባልዲ እየሳቡ ነበር።

«ኮቱ፣ ነይ! ውኃ ነው?»

«አይ አዴ፣ ከውኃው በላይ ያለውን ነው።»

የመጣችበትን ነገረቻቸው። የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ በክሯ ለካች፤ ቱቦው ከቋጠሮው በጥፍር ያህል እንኳ አልበለጠም። ከራሷ ብስክሌት የፈታችውን ዳዶ አስገባች፤ ያለ ግፊት እየዞረ እስከ ታች ወረደ። አናቱም በፋብሪካ የተበሳ፣ ለፍሬን ተብሎ የወፈረ ነው።

«ባሌ ነው የሰቀለው፤» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጎረቤቱ ሁሉ ከዚህ ይቀዳል። ብሰጥሽ ሰው ምን ይጠጣ?»

«ሳልተካ አልወስድም። ይኼኛው ቸርኬው ሰፊ ነው፤ ገመድ አያስወጣም።»

«ይህን ሁሉ ብረት ተሸክመሽ ከመካኒሳ! ለምን?»

«ብስክሌቴን ሊወርሱብኝ ነው።»

አዴ ጫልቱ ባልዲያቸውን አስቀመጡ። «እኔም ጋ መጥተው ነበር። ጉድጓዱ የሕዝብ ነው፣ ሰሌዳ እንትከልበት አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ትከሉ፤ ሲደፈንም እናንተ ትጠርጋላችሁ አልኳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ሰሌዳው እየመጣ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ግንዱ ላይ ወጥተው ፈቱ፣ ሰቀሉ፣ አሰሩ። አዴ ጫልቱ በአዲሱ ቸርኬ የመጀመሪያውን ባልዲ ሳቡና፣ «ሂጂ፣ ልክ ነው፤» አሉ።

ዓርብ ጋሽ ጉርሜሳ ሹካውን ገጠሙ፣ ፍሬኑን አሰሩ፣ ሽቦውን ወጠሩ። መጀመሪያ ስትሞክረው ጭብጥ አድርጋ ያዘችውና ብስክሌቱ ቂጡን አነሳ፤ መሪው ሆዷን መታት። ጋሽ ጉርሜሳ «አላልኩሽም!» ብለው ጮሁ። ተመልሳ ወጣች። በአሥረኛው ሙከራ ገባት፦ ወገብን ወደ ኋላ፣ ጣትን ደግሞ ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው ቀስ በቀስ። ሽማግሌው ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ለካ ፍሬኑ አይደለም የሚገለብጠው፤» አሉ ለራሳቸው።

ቅዳሜ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ከበበው ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ በአመድ መስመር አሰመረ። ስብሰባ የሰለቸው ሕዝብ ግራና ቀኝ ተደረደረ።

«ከዚህ መስመር ካለፍሽ ብስክሌቱ እዚሁ ይቀራል፤» አለ።

«ጥርሷን የምንለቅምበት ዘንቢል አምጡ!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል።

«በአንተ ጥርስ ልጀምርልህ?» አለችውና ወደ ላይ ገፋች።

ከላይ ስትለቀው ነጠላዋ ከኋላዋ ተነፋ። እግሯ ከፔዳሉ ጋር እንደ ሽመና መወርወሪያ ተመላለሰ። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም!» አሉ። መስመሩ ሲቃረብ ወገቧን ወደ ኋላ ገፋች፣ ጣቷን አጠበቀች፤ ላስቲኩ ሲጢጥ አለ፣ ብስክሌቱ ከአመዱ አንድ ክንድ ወዲህ ቆመ። ማንም አልተገለበጠም። ሕዝቡ ሰፈሩን በጭብጨባ አናጋው።

ከበበው ብስክሌቱን ዞሮ አየ። «ይህ የፊት ነው። የኋላ ፍሬኑስ?»

«ከኋላ ሆነህ ግፋኝ።»

«ምን?»

«ግፋ ጓድ ከበበው፣ አትፍራ! የምትነክስ አይደለችም።»

ሕዝቡ ሳቀ። ከበበው ኮርቻውን ይዞ ገፋ። ጸሐይወርቅ ፔዳሉን አጥብቃ ያዘች፤ ጎማው ሳይዞር አፈሩን እየፋቀ ተጎተተ፣ የከበበው ጫማም ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «አብዮት ጠባቂ ይጨመር!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቁ ባሰ።

ከበበው ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ፍሬን አለው። ግን መመዝገብ አለበት። ለምዝገባ እስከ ሰኞ ቀበሌው ግቢ ይደር።»

«ሰኞ የጠዋት ፈረቃ አለኝ። ጸሐፊው ይኸው፣ መዝገቡም ይኸው። አሁን ጻፉ።»

«እሺ ውረጂና እንነጋገር።»

«አልወርድም።»

ከወረደች ብስክሌቱን እንደሚይዝባት ታውቃለች፤ አልወረደችም። የፊቱን ጎማ ወደ ጎን አዙራ፣ በሁለት ፔዳል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ፊት በጣት ያህል ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ በጣት ያህል ትመለሳለች፤ እንዲህ የሚያስቆም ፔዳልና ጎማው አንድ ላይ የታሰረ ብስክሌት ብቻ ነው። ጸሐፊው ከበበውን አየ፣ ከበበው ሕዝቡን አየ፣ ሕዝቡ የጸሐይወርቅን እግር ያያል። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

«የባለቤት ስም?»

«ጸሐይወርቅ ወጋየሁ።»

«የባል ስም?»

«ብስክሌቱ ባል የለውም። ቀጥል።»

«ሥራ?»

«ማሽን ጠጋኝ።»

«የንብረቱ ዓይነት?»

«ብስክሌት፣ ከነፍሬኑ። ከነፍሬኑ የሚለውን ጎላ አድርገህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ መታ፤ ወረቀቱን ወደ ላይ ዘረጋላት። እስከዚያ ድረስ እግሯ መሬት አልነካም። ወረቀቱን በጥርሷ ይዛ፣ አመዱን በሁለት ጎማ አቋርጣ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ተያያዘችው።