ያልጮኸችው ፊሽካ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ሃሌ ሉያ! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ እኔ ብቻ ልቁም። ልመስክር ብዬ ራሴ ለምኜ ነው የወጣሁት፤ ማንም አልገፋኝም። ግን መሪያችን ሲያስተዋውቀኝ ምን አለ? «ጉቦ እምቢ ያለው ዳኛ» አለ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔ ደግሞ «ማን ይሆን እሱ?» ብዬ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ለካ እኔን ኖሯል! እንግዲህ ምስክርነቴ የሚጀምረው ያን ጭብጨባ ከመመለስ ነው። ስጨርስ ለማን እንደምትሰጡት እናንተው ታውቃላችሁ።

ለማያውቀኝ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ሆዴን እያያችሁ አትሳቁ! ልጆቹን «ሩጡ» እላለሁ እንጂ እኔ አልሮጥም። በትርፍ ጊዜዬ ኳስ አጫውታለሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጾም ጸሎታቸው የሚያስቀና ሰው። እኔ ከእሳቸው የወረስኩት ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም ሜዳ ላይ ተጫዋች ስቆጣበት ጨረስኩት።

እና አንድ ጊዜ የዋንጫ ጨዋታ መጣ። የአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን ከጎረቤታችን ከገሳይ ከተማ ልጆች ጋር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ስሙን አልጠራም፣ እሱም ጌታ ያስፈልገዋል፣ ቢሮው ጠራኝና ሻይ አዘዘልኝ። ወንድሞቼ፣ ኃላፊ ሻይ ካዘዘላችሁ ያኔ ነው መሸሽ!

«መምህር፣ የምክትል ርዕሰ መምህሩ ቦታ ክፍት ነው አሉ» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ፣ ሰምቻለሁ።»

«የኛ አጥቂ ደግሞ እግሩ ደካማ ነው። ቶሎ ይወድቃል።»

«እግዜር ይማረው» አልኩ።

«ሣጥን ውስጥ ከወደቀ ነው የምልህ።»

«ገባኝ።»

ገባኝ አልኩ ወገኖቼ! ጉቦ እምቢ አለ የተባለው ሰውዬ ሻዩን ስኳር ጨምሮ ጠጣና «ገባኝ» ብሎ ወጣ።

በጨዋታው ቀን ጠዋት ውኃ ስጠጣ በአፌ ጥግ ይፈሳል። ባለቤቴ ዓለምነሽ «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን አንገትህ ላይ መሀረብ ልሰርልህ?» አለችኝ። ሳቅሁ። «ኧረ ሳቅህ ወደ አንድ ጎን ሄደ!» አለች ደንግጣ። ባጃጅ ላይ ብርድ መትቶኝ ነው አልኳትና ወደ ሜዳ።

መጀመሪያ ላይ ፊሽካዬ እንደ አውራ ዶሮ ትጮህ ነበር። ከዕረፍት በኋላ እንደ ጫጩት። አንድ ለአንድ ሆነው ሊያልቅ ሲል የኃላፊው አጥቂ ሣጥን ውስጥ ገባ። ማንም አልነካው። በአጠገቡ እንኳ ሰው አልነበረም። እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ወደቀ! ወድቆም ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁ።

ዝም።

ትንፋሼ በግራ ከንፈሬ ጥግ ፉስ ብሎ ወጣ። ደገምኩ። ፉስ። ይሄኔ የገሳይ ተከላካይ ኳሷን ወደ ፊት ለጋት፤ አንዱ ልጃቸው ተቀበለና አገባት። አለቀ።

«እጅህስ? ሪጎሬ በእጅ አይጠቆምም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ዓለምነሽም ጠይቃኛለች። እንጃ። እጄ ጉንጬን ይዞ ነበር። እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።

ከዚያማ የገሳይ ደጋፊ ሜዳውን ሞላውና ተሸከመኝ። ይህን ሆድ ተሸከሙት! «ሐቀኛው ዳኛ! ማንም ያልገዛው!» ይላሉ። «አውርዱኝ» ስል «አቤት ትሕትና!» አሉ። ግራ ዓይኔ አልከደን ብሎ እንባው ሲወርድ «በደስታ አለቀሰ» አሉ። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ዝም አልኩ። ደስ ይላላ!

ኃላፊው ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስንት ሰጡህ?» አለኝ። ሰው ሌላው በልጦ ካልሰጠው በቀር ፊሽካ ሳይነፋ ይቀራል ብሎ አልገመተም። ቦታውም ለሌላ ሰው ሄደ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም «የፊት ነርቭ ነው መምህር። ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ የርስዎ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን አሁን መናገር አልችልም» አለኝ።

«ምክንያቱስ ዶክተር?»

«ብዙ ጊዜ አይታወቅም።»

እኔ የማውቀው መሰለኝና ፈራሁ። ቤት ስገባ አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ያሹኛል፤ አባቴ ጠበል ይዘው መጥተዋል፤ ክኒኑ አለ። ጠያቂው ደግሞ ቤቱን ሞልቶ «መቼም ሐቀኛ ሰው ይፈተናል» ይላል። ወገኖቼ፣ ሕመሙስ ሕመም ነው፤ ይቺ ቃል ግን ገደለችኝ። በተባለች ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ዓለምነሽ ሕመሙ የጠናብኝ መስሏት ታለቅሳለች። እኔ የምፈራው ግን አፌ ሳይመለስ እንዳይቀር ሳይሆን፣ ከተመለሰ መናገር ስለሚኖርብኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ አባተ የመጡት። ያውና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገትዎን አይድፉ ጋሼ! የገሳይ ቡድን አሰልጣኝ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ጌታን የሚያውቁ ሰው። ድንች በማዳበሪያ አስጭነው መጡ። ሌላው ሁሉ ሐቀኛ ሲለኝ እሳቸው «ያምሃል ወይ?» ብቻ አሉ። እጃቸውን ጫኑብኝና ጸለዩ። እኔ አሁን ይቃና ይሆን ብዬ በአንድ ዓይኔ መስታወት አያለሁ። አልተቃናም! እሳቸው ግን ለገበያ በመጡ ቁጥር ጎራ ይሉና ይጸልያሉ። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ልንገርዎ። ያን ዕለት ነፍቻለሁ። ፊሽካው አልጮህ አለ እንጂ ነፍቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«መስመሩ ላይ ነበርኩ እኮ። ጉንጭህ እንደ ፊኛ ሲነፋ አየሁት። ደግመህ ስትነፋም አየሁህ።»

«ታዲያ እያወቁ ድንች ጭነው ይመጣሉ?»

ጋሽ አባተ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና «ለሐቀኛው ዳኛ ጠያቂ ሞልቶለታል። ለነፋው ማን ይምጣለት ብዬ ነው» አሉኝ።

ስሙ ይባረክ! አለቀስኩ ወገኖቼ። በቀኝ ዓይኔ አለቀስኩ፤ ግራው እንደሆነ ድሮም ሲፈስ ነበር። «ጌታ ኢየሱስም የመጣው ለነፋው ነው» አሉኝ። እዚያው አልጋዬ ላይ ተቀበልኩት። ሃሌ ሉያ!

ፊቴ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው የተመለሰው፤ መጀመሪያ ዓይኔ ተከደነ፣ ከዚያ ከንፈሬ። ሳቄ አሁንም ወደ ቀኝ ያደላል፤ ግራው ቀልዱ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ማን አዳነህ ብትሉኝ አማቴ ዳማከሴው ነው ይላሉ፣ ዶክተሩ ክኒኑ ነው ይላል፣ አባቴ ጠበሉ ነው ይላሉ። ሁሉንም አመሰግናለሁ፤ ጌታ በየትኛው በር እንደገባ አልነገረኝም። ያሳመመኝ እሱ ነው ወይስ ብርዱ? እሱም ግራ ይገባኛል። አንድ ነገር ግን ግራ አይገባኝም፤ ለነፋው ማን እንደመጣለት አውቃለሁ።

አሁን እናንተም አወቃችሁኝ። የወጣቶቹን ጨዋታ ቅዳሜ አጫውት ብላችሁኝ ነበር፤ ከዛሬ በኋላም ካላችሁ እመጣለሁ፣ ከተዋችሁም አይከፋኝም።

እናንተስ? መካከላችን ፈተና በእጅ መንሻ ያሳለፈ፣ ሚዛን ያጎደለ፣ ስብሰባ ላይ ሐሰት መሆኑን እያወቀ እጁን ያወጣ አለ? ሰው «ሐቀኛ» ቢልህ ወንድሜ፣ ቢልሽ እህቴ፣ እዚያ ስም ውስጥ አትደበቁ። እኔ ነበርኩበት፤ ሰው ተሸክሞህ ብቻህን ነህ። ውረዱና ጌታን «ነፍቻለሁ» በሉት። እያወቀ ይመጣል።

በሉ፣ ጭብጨባችሁን መልሻለሁ። ለማን እንደሚሰጥ አውቃችኋል። አጨብጭቡለት!