ወደ ጅዳ የተደወለው ስልክ

ነገሩ የሆነው አምና፣ መኸሩ ተሰብስቦ ባለቀበት ሰሞን፣ መካነ ሰላም አጠገብ ባለው መንደራችን ነው። ግጥም ስለምሞካክር ስለ ፍቅር ብዙ ጽፌያለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

አክስቴ ዘሀራ ከባሏ ተፋትታ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ ከአርባ ዓመት አልፋ ነበር። እዚያ ሚስቱ የሞተችበት ሱዳናዊ ዳቦ ጋጋሪ አገኘች። ሊጋቡ ተስማሙ። እሷ ግን "አባቴ ሳይፈቅድ ኒካ አይታሰርም" አለች።

ሰውየው እዚህ አገር ዘመድ የለውም። ሽማግሌ የመፈለጉ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ጎረቤቶቻችንን ጋሽ ሰዒድንና መምሬ ካሣን ለመንኳቸው።

"ሙሽራው ምን ይመስላል ቢሉን ምን እንበል?" አሉ መምሬ።

"ጢሙ ሸብቷል ብላችሁ እለፉት።"

"የኛም ሸብቷል። ማን ሰጠን?" አሉ ጋሽ ሰዒድ።

በማለዳ ሄደው አባቷ ደጅ ቆሙ። አባቷ፣ የእኔ አያት፣ ዕድሜያቸውን ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ፣ ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አዳመጧቸውና "ልጅ ለመስጠት አይቸኮልም። ሌላ ቀን ተመለሱ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ቀን መልስ ይኸው ነው። ወዲያው እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል።

የተባለውን እንዳለ ለአክስቴ ነገርኳት፤ እሷም ለሰውየው። በማግስቱ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ነበር።

"ሰውየው ተወኝ" አለችኝ። "አባትሽ ከልክለውኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ አባት የከለከለኝን ሴት አላገባም አለ።"

"ወጋችን ነው አትይውም?"

"አልኩት እንጂ። ልታጽናኚኝ ነው ይለኛል።"

ሄጄ ለአያቴ ነገርኳቸውና ራስዎ ያናግሩት አልኳቸው። የሴት ወገን ወንድ ሲለምን በመንደራችን ተሰምቶ አያውቅም።

"የፊተኛው ባሏ የላካቸውን ሽማግሌዎች እየደጋገምሁ መልሻለሁ" አሉ። "ዘሩን ጠየቅሁ፣ መሬቱን ጠየቅሁ። ሁሉም ሙሉ ነበር። ኋላ ፊቷ አብጦ መጣች።"

ቀጥለውም "በል ደውልልኝ" አሉ።

ከኪታብ በተማሩት ዐረብኛ ቀስ እያሉ ተናገሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። ሰውየውም መለሰላቸው። አያቴ አዳምጠው አንድ ነገር አሉትና ስልኩን መለሱልኝ።

"ምን አሉት?"

"ሌላ ቀን ማለቴ እምቢ ማለቴ አይደለም አልኩት። ከዚያ፣ እዚያ ትስቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት።"

"ምን አለ?"

"ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ አትሸፍኚ እያልኩ እለምናታለሁ አለኝ።" አያቴ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "እውነቱን ነው፤ ትሸፍናለች። አይቷታል። ኒካውን እሰሩ ብዬዋለሁ።"

ኒካው ታሰረ። አክስቴ አሁንም ጅዳ ናት፤ ስትደውል ከኋላዋ የሰውየው ሳቅ ይሰማል።

መንደሩ ግን ማማቱን አልተወም። በቅርቡ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ሰው አያቴን "ሸሃችን፣ ልጅዎን ለምነው ሰጡ አሉ" አላቸው።

"ተለምኜ የሰጠሁትንማ አየሁት" አሉት፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ከኋላቸው ስሄድ ቀናሁባቸው። እስካሁን እንደዚያ ያለ ስንኝ አልጻፍኩም።