መጋጠሚያ የሌለው ሐዲድ

አባቴ ሰበታ ላይ ቤት ሲሠራ የአጥሩን ቋሚዎች ያቆመው በአሮጌ ሐዲድ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የድሮው ምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ፈረንሳዮች ባነጠፉት መስመር ላይ ብሎን እያጠበቀ፣ ጠጠር እየጠቀጠቀ አሳደገን። ባቡሩ ቆሞ ብረቱ ሲሸጥ ቁርጥራጩን ገዝቶ አመጣ። የመኝታ ቤቱን በር ከላይ የተሸከመው እንኳ ሐዲድ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «ቤት ነው የሠራህልኝ ወይስ ጣቢያ?» ትለው ነበር።

ከዚያ አዲሱ ባቡር በሰፈራችን ጀርባ አለፈ። መጀመሪያ ሊያየው የወጣ ዕለት ኮቱን አስተኩሶ ለበሰ። ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን በአጥር ላይ አዩትና «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!» ብለው ሳቁበት። እሱም እየሳቀ ሄደ። ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቁሯል።

«መጋጠሚያው የት እንዳለ አላየሁም» አለኝ።

በድሮው መስመር ሐዲድ ከሐዲድ የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ በብሎን ይታሰራል። የአባቴ ሥራ በእግሩ እየሄደ መጋጠሚያውን በመዶሻ መምታት፣ ድምፁን መስማት፣ የላላውን ማጥበቅ ነበር። አዲሱ ሐዲድ በብየዳ የተያያዘ መሆኑን ነገርኩት። አላመነኝም። «ብረት በፀሐይ ይለጠጣል። ክፍተት ካልተውክለት የት ይገባል?» አለ። እኔም ሱቄን ልከፍት እቸኩል ስለነበር ነገሩን በዚያው ተውኩት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዓለም ገና ባለው ሱቄ ውስጥ ሳለሁ ኦቦ ደወሉልኝ። «አባትሽን የባቡሩ ጥበቃዎች ይዘውታል። ቶሎ ነይ!»

ያን ሰሞን የሐዲድ ብሎንና ሽቦ ይሰረቃል እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ስደርስ አባቴ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ጠረጴዛው ላይ መዶሻውና ረጅሙ መፍቻው ተጋድመዋል። የጥበቃዎቹ አለቃ ገና ወጣት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ወንበርና ውሃ ሰጥቶታል።

«አባባ፣ ይሄን ይዘው ምን ሊያደርጉ ነበር?» ሲል ጠየቀው።

«ላጠብቅ ነዋ!»

«ምኑን?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። መጋጠሚያው ቢጠፋብኝ ጊዜ ነው ወደ ፊት የሄድኩት።»

አባቴ የሐዲዱ አጥር በፈረሰበት በኩል ገብቶ፣ አሁን አገኘዋለሁ፣ አሁን አገኘዋለሁ እያለ ከሰፈራችን ማዶ ያለውን ድልድይ አልፎ ነበር። ጥበቃዎቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ።

አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ከሄደ ቀላል አይደለም። ጃጅተዋል፣ የሚያደርጉትን አያውቁም በዪና ይዘሻቸው ሂጂ» አለኝ።

አመል ያወጣል ከመሃል። «አባቴ አልጃጀም!» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ሳትወለድ ሐዲድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው! ያላወቀው ብየዳውን ብቻ ነው!»

የልጁ ፊት ተለዋወጠ። ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አነሳ።

አባቴ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ስልኩን አስቀምጠው» አለው። «እውነትህን ነው። ጃጅቻለሁ። የማደርገውን አላውቅም።»

ድሮ ለአለቆቹ የመስመሩን ሁኔታ ሲናገር እንደዚሁ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ማንም አልሳቀም። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ማልቀሴን እንዲያይ አልፈለግሁም። አለቃው መዶሻውንና መፍቻውን አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ።

ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ፣ «በየትም ቦታ መጋጠሚያ የለውም?» አለኝ።

«የለውም አባዬ።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለና ወደ ውጭ አየ።

መሣሪያዎቹን ከበሩ ኋላ፣ ድሮ የሚቀመጡበት ቦታ መለስኳቸው። አባቴ ከዚያ ወዲህ አልነካቸውም። ባቡሩ ሲያልፍ የአጥራችን ብረት ይነዝራል፤ በፊት እጁን ያሳርፍበት ነበር፣ አሁን ቀና ብሎም አያይም።

ትናንት የውጭው በር ማጠፊያ ላልቶ ሲንቋቋ ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። መፍቻውን አምጥቼ «አባዬ፣ እስቲ አጥብቅልኝ» ብዬ ዘረጋሁለት።

እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ለሚያውቅ ሰው ስጪው» አለኝ።